ማሽኑ ጨሌ አይሰማም

ባለፈው ሰኔ አጎቴ ከመንዝ ደወሉልኝ። ስለ ገብሱና ስለ በጎቹ ተጨዋውተን ስናበቃ፣ «ልጄ፣ ያ ከመሬት ሥር ብረት ሲያገኝ የሚጮኸው ማሽን እናንተ ዘንድ በየሱቁ ይሸጣል አሉ፤ አንድ ላክልኝ እንጂ» አሉኝ። ከማሳቸው ዳር ያለችውን ጉብታ አስበው እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ልጆች ሳለን ከብት ስንጠብቅ የምንወጣባት፣ ድንጋይ የተከመረባት ጉብታ ናት። «የጥንት ሰዎች ናት፣ አትንኳት» ነበር የምንባለው። ዘንድሮ በአጎራባች ቀበሌ ሌሊት መጥተው ቆፍረው የሄዱ ሰዎች አሉ። አጎቴም ሌላ ሳይቀድማቸው በገዛ መሬታቸው ራሳቸው ሊያዩት ነው።

የምኖረው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰፎክ ነው። እዚህ አዝመራ ከተነሣ በኋላ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው ማሽናቸውን በቃርሚያው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዙ ሰዎች አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2009 ስታፎርድሺር ውስጥ አንዱ ከገበሬ ማሳ ላይ የወርቅና የብር ክምችት አግኝቶ፣ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገምቶ ገንዘቡን ከባለ ማሳው ጋር ተካፍሏል። አገር ቤት የደረሰው ወሬ ይኼ ነው። ያልደረሰው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ሀብት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ነው። ዕቃው ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ጥግ እንደወጣ የሚመዘግብ ባለሙያም በየአካባቢው አለ። በሕግ በተጠበቀ ጥንታዊ ጉብታ ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማሽን ይዞ መውጣት ወንጀል ነው።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ሳተን ሁ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 አንዲት ባለ ርስት በገዛ መሬታቸው ያለውን ጉብታ በባለሙያ አስቆፈሩ። ከሥሩ 27 ሜትር ገደማ የሚረዝም የመርከብ መቃብር ተገኘ። እንጨቱ ግን በስብሶ አልቆ ነበር። መርከብ መሆኑ የታወቀው አሸዋው ላይ በቀረው ቅርጽና በየቦታቸው ተደርድረው በቆዩት የብረት ምስማሮች ነው። ቦታውን ባየሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፦ በማሽን የመጣ ሰው ምስማሩ በጮኸ ቁጥር እየነቀለ ቢሰበስብ ኖሮ፣ በእጁ የሚቀረው አንድ ከረጢት ዝገት ብቻ ነበር።

የእኛ ጉብታዎችስ? በመንዝ መሻለ ማርያም አካባቢና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ቦታዎች አርኪዎሎጂስቶች ቆፍረው፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ፣ ዛሬ በሻይ ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» የሚባል ማኅበረሰብ መቃብሮች አግኝተዋል። የእነዚያን ሰዎች ታሪክ የሚናገረው አብዛኛው ሸክላና ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ የብርጭቆ ጨሌ ነው። ማሽኑ ደግሞ ጨሌ አይሰማም፤ ገልም አይሰማም። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ከአፈሩ ጋር ይደፋቸዋል። በእኛ አገር ጨሌ የዛር ነው ብሎ የሚጥለውም ብዙ ነው።

የሚጮኸውም ሁሉ ጠገራ ብር አይደለም። ሰሜን ሸዋ ጣልያን በ1931 ዓ.ም. ዘረት ላይ፣ አመጸኛ ዋሻ በሚባለው ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ ወገኖቻችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀበት አገር ነው። ጦርነት ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ጥይትም ይጮኻል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኳቸው። በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል እንደሆነ፣ በአጋጣሚ አግኝቶ ላስረከበ ግን ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጥ ሕጉ ራሱ እንደሚል አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እሱን የሚነግረን ሰው እዚህ ደርሶ አያውቅም» አሉ። መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። እዚህ እንግሊዝ ገበሬው ያገኘውን ይዞ የሚሄድበትን ሰው ያውቃል፤ ቢያስረክብ እንደማይጎዳም ያውቃል። አጎቴ የይዞታ ደብተር አላቸው፤ ከማሳቸው ሥር ስላለው ቅርስ ግን ማንም አንድ ቃል ነግሯቸው አያውቅም። ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ማሳቸው ዳር አለመድረሱ ያንገበግበኛል።

ማሽኑን አልላክሁም። ክረምቱ ሲወጣ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄደው ጉብታዋን እንዲያስመዘግቡ ተስማምተናል። ፎቶዋን የእህቴ ልጅ አንስቶ ልኮልኛል። በስተምዕራብ በኩል ሁለት ድንጋዮች ከቦታቸው ተነቅለዋል፤ ሥራቸው ያለው አፈር ገና ጥቁር ነው።