እርማት፦ በር መድፈን ሽታ አያስወጣም

ወንድሜ፣ «የሽንት ቤቱን በር ከሥሩ ሳይቀር ድፍን አድርጋችሁ ዝጉ፤ ፋኑ ሽታውን ጠራርጎ ያወጣዋል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ግን ስህተት ነው።

ፋኑ አየር የሚያወጣው በምትኩ ሌላ አየር ሲገባ ነው። መግቢያ ከሌለ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ የሚያወጣው ትንሽ ነው። መስኮት ከሌለ ከበሩ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተው። ሽታው ወደ ሳሎን ይመጣል ብለህ አትስጋ፤ ፋኑ በደንብ እየሳበ ከሆነ በዚያ ክፍተት አየሩ የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው።

የባሰም አለ። የወለሉ ውሃ መውረጃ ሲፎን (ከመውረጃው ሥር ውሃ የሚይዘው ክፍል) ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ የፍሳሹን ሽታ ያግዳል። ብዙ ቀን ውሃ ካልፈሰሰበት ይደርቃል። ያኔ በሩን ደፍነህ ፋን ስትከፍት አየሩ የሚሳበው ከዚያው ከቱቦው ነው። እኔም አንድ ሰሞን «ፋኑ ደከመ» ብዬ ትልቅ ገዛሁ፤ ሽታው ጭራሽ ባሰ! መፍትሔው መውረጃው ላይ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ነበር።

ለመሞከር አንድ ቁራጭ ሶፍት ወደ ፋኑ ወንፊት አስጠጋ። በሩ ተዘግቶ ሶፍቱ ከወደቀ፣ በሩ ገርበብ ሲል ግን ከተለጠፈ፣ ፋንህ ደህና ነው፤ የጎደለው የአየር መግቢያ ነው።