መንገዱ ፕላኑ ላይ አለ

አሁንም ደሜ እየፈላ ነው የምጽፈው። እዚህ ደብረ ብርሃን የሰፈራችንን መንገድ ልጠይቅ ከሄድኩበት የከተማው ቢሮ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

ትናንት እናቴን ከሆስፒታል ሳመጣት ባጃጁ አስፋልት ዳር ቆመ። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ አልገባም። ባለፈው ገብቼ በሰው ተገፍቼ ነው የወጣሁት» አለኝ። አልፈርድበትም። የእኛን ሰፈር የሐምሌ ጭቃ ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር አፈር ነው፣ እግር ከያዘ አይለቅም። የጎረቤት ልጆች ጠራሁ። በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን አስገባናት። ግማሽ ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ አርባ ደቂቃ! እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። «ሰው አስቸገርኩ» ብላ ነው። እሷ ምን አደረገች?

ዛሬ ጠዋት ወደ ቢሮው ሄድኩ። ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ የሰፈራችንን መንገድ ጠየቅኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «መንገዱ እኮ ፕላኑ ላይ አለ። 15 ሜትር ነው» አለኝ።

«ፕላኑ ላይማ አለ። መሬት ላይ ግን የለም» አልኩት።

ያኔ ቀና አለ። «ፕላን ማንበብ ትችያለሽ?»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ካርታችንን አውጥቼ አሳየሁት። በፊት ለፊታችን በኩል «መንገድ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ካርታ ነው ሊዝ የከፈልነው። ሰውየው ካርታውን እንኳን አልነካውም። «እናትሽ ከታመሙ ለምን አስፋልት ዳር ቤት አትከራዪላቸውም?» አለኝ።

እንዲህ ነው ያለኝ። እናቴን ከገዛ ቤቷ አውጪያት ማለቱ ነው። መልስ አጣሁ፣ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ልናገር የሚገባኝ ሁሉ የመጣልኝ።

የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 አለ። መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ከተማው ወዴት እንደሚያድግ፣ የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል፣ ዋና ዋና መሠረተ ልማቶች የት እንደሚያርፉ ማሳየት አለበት። መንገዱ ሳይከፈት ቦታ ከተሸነሸነ፣ ሰው ከገባና ቤት ከሠራ በኋላ ማን ነው የሚከፍተው? ቱቦውስ መቼ ይቀበራል? እኛ አምና መዋጮ አዋጥተን ገረጋንቲ አስደፋን። ፍሳሽ ማስወገጃ የለውምና አንድ ክረምት አልቆየም፣ ጎርፉ ጠርጎ ወሰደው። ያ ብር ከስንቱ ቤት ጉሮሮ የተነጠቀ ነው!

ደግሞ ደብረ ብርሃን እያደገች ነው፣ ዓይናችን እያየ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ሲመረቅ ስንቱ ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ፋብሪካ ሲመጣ ግን ሠራተኛው የት ያድራል፣ በምን ይመላለሳል የሚለው አብሮ መታሰብ አልነበረበትም? ታናሽ እህቴ ማታ 4 ሰዓት ከፈረቃ ትወጣለች። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጨለማ ባጃጅ እስኪያልፍ ትቆማለች። እስክትገባ እንቅልፍ የለኝም።

ሁሉም ነገር ያቺን አንድ የደሴ አስፋልት ይዞ ነው የተንጠለጠለው። ባንኩም፣ ገበያውም፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪናም እዚያው ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ የሚሻገሩትም እሱኑ ነው። ከአስፋልቱ አንድ መቶ እርምጃ ስትገቡ ከተማው ያልቃል።

እኛ ያለንበት መሬት ገብስ ይዘራበት ነበር። አዋጅ 1161/2011 ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ምትክ መሬት ካልተሰጠው፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ያገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል ይላል። እሱ ያንን መሬት ለቆ የሄደው ከተማ ይሆናል ተብሎ ነው። ጭቃ እንዲሆንማ አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ለሥራ የምንወጣው በቦቲ ነው። አስፋልቱ ዳር ያለችው ባለ ሱቅ ቦቲያችንን ታስቀምጥልናለች፣ ጫማ ቀይረን እንሄዳለን። ዛሬ ስመለስ ቆጠርኩ፤ ከባንኮኒዋ ሥር አሥራ አንድ ጥንድ ቦቲ ተደርድሯል።

እናቴ ሐሙስ ቀጠሮ አላት። ወንበሩን አጥቤ በረንዳ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እጅ የምታበድሩኝ ካላችሁ ደውሉልኝ።