ደጋው በቆሎ አበቀለ ብለን እልል አንበል

የወሎ ሰዎች፣ ዛሬ የምቆጣው እኔም ከእናንተው አንዱ ስለሆንኩ ነው።

መስከረም ላይ ዘመድ ልጠይቅ ደጋ ወጥቼ ነበር። አጎቴ ጓሮ ወስዶ በቆሎውን አሳየኝ። "በአባቴ ጊዜ ውርጭ ይመታው ነበር፤ ዛሬ እሸት እንጠብሳለን" አለ። ጎረቤቱም ተደስቷል። የገብሱ ማሳ ግን ግማሹ ባህር ዛፍ ሆኗል። እሸቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ለምን አትሉኝም? አንድ የበቆሎና አንድ የገብስ ቅጠል ቀጥፋችሁ ወደ ፀሐይ ያዙ። የበቆሎው ጅማቶች ጥቅጥቅ ብለው ተጠጋግተዋል። ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጀመሪያ 4 ካርቦን ባለው ውህድ ይይዘውና ጅማቶቹን ወደከበቡት ህዋሶች ይገፋዋል። እዚያ ስለሚከማች ሙቀት ብዙ አያባክንበትም። ማሽላ፣ ጤፍና ዳጉሳም እንዲሁ ናቸው፤ ሲ-4 ይባላሉ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ሲ-3 ናቸው። እነሱ ይህ ማከማቻ የላቸውም። ሙቀት ሲበረታ በካርቦን ፋንታ ኦክስጅን እየያዙ የደከሙበትን መልሰው ያባክናሉ።

ስለዚህ በቆሎው ደጋ የወጣው ደጋው ስለሞቀ ነው። ምርቃት አይደለም።

"ካርቦን ሲበዛ ገብስ ይጠቀም የለ?" የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ክፍል 280 ያህሉ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ሲ-3 ሰብል በዚህ ይፋፋል። ግን ሙቀትና የውሃ ጥም ትርፉን ይነጥቁታል። የስንዴው ፍሬም ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረት ያንሰዋል። ማሽላም ቢሆን የማይበገር አይደለም። ሊያብብ ሲል ዝናብ ከተቋረጠ ራያ ቆቦ ሜዳ ላይ ቆሞ ይደርቃል።

አሁን ሂሳቡን እዩት። 1000 ሜትር ሽቅብ ስንወጣ አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። አገሩ 1 ዲግሪ ከሞቀ፣ ገብስ የለመደውን ብርድ ለማግኘት 170 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ በላይ ወዴት ይወጣል? ጫፉ ላይ ያለው ጓሳ ሣርም ሲ-3 ነው፤ ብርድ ይወዳል። እኛ ደግሞ ከታች ሙቀት ሲያሳድደው ከላይ በሞፈር እንቀበለዋለን። ጓሳ ውሃ እንደሚይዝ፣ ቤት እንደሚከድን፣ ለቀይ ቀበሮም መኖሪያ እንደሆነ እያወቅን! ይህን የሚያርሰው ባዕድ አይደለም፣ እኛው ነን። እባካችሁ እጃችንን እንሰብስብ።

ዘሩንስ? የአጎቴን ሚስት "እትየ፣ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ዘር አለሽ?" አልኳት። "ገበያ ይገዛል" አለችኝ። ገበያማ ያለውን ነው የሚሸጠው። ብርዱን፣ ውርጩን፣ የበልጉን መምጣትና መቅረት ለዘመናት የለመደ ዘር ግን አንዴ ከጎታ ከጠፋ ማንም መልሶ አይሸጥልንም። በቆሎውን ዝሩ፣ አልከለክልም፤ ግን በገብሱ ማሳ ላይ አትሞክሩት። ባህር ዛፉንም ከእርሻ አውጡት።

ስጨቀጭቃት እትየ ተነስታ ጎታውን ጠራረገች። ሁለት እፍኝ አገኘች፤ ግማሹ ነቀዝ የበላው ነበር። ደህናውን ለቅማ ቅል ውስጥ ጨመረችው። ለበልግ ነው።