ፒያሳ ላይ የተሰቀለው የማርስ ሰማይ

የክርክሩ ርዕስ፦ «ከሌላ ዓለም የመጣ ምስል ቀለሙ ተነክቶ ለሕዝብ መቅረብ የለበትም»። መነሻው ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ የተሰቀለ ትልቅ የማርስ ፎቶ ነው። ያነሳው ማርስ ላይ የሚዞረው የናሳ ተሽከርካሪ (ሮቨር) ኪዩሪዮሲቲ ነው። ሰማዩ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።

ፎቶ አንሺው (ፒያሳ)፦ የማርስ አየር አቧራ የጠገበ ነው። ቀን ቀን ሰማዩ ቡናማ ነው። ሰማያዊ የሚሆነው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ያውም እዚያው ፀሐይዋ ዙሪያ። እዚህ ፎቶ ላይ ግን የድንጋዮቹ ጥላ አጭር ነው፤ ቀትር ነው። ቫይኪንግ 1 የተባለው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1976 ማርስ ላይ ሲያርፍም መጀመሪያ ሰማያዊ ሰማይ አሳይተውን ኋላ አረሙት። ያኔ ተሳስተው ነው እንበል። አሁንስ?

መምህርቷ (ፊዚክስ፣ አራት ኪሎ)፦ አሁንማ አውቀው ነው፣ ጋሼ። ጂኦሎጂስቱ ድንጋዩን እዚህ ምድር ላይ እንደሚያየው ሆኖ እንዲለየው ብርሃኑን ያስተካክሉለታል፤ ሰማዩም አብሮ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሮቨሩ ላይ ጥግ ጥጉ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሆነ የቀለም ማመሳከሪያ አለ። በማርስ አጠገብ ያለፈው ማሪነር 4 መንኮራኩር በ1965 የላከው ቁጥር ብቻ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ኮምፒውተሩን መጠበቅ አቅቷቸው ቁጥሮቹን በፓስቴል ቀለም በእጃቸው ቀቡት። ደግሞስ ካፌ የገባ ሰው ማኪያቶውን ነው የሚያየው፤ ማብራሪያ ምን ያደርግለታል? እርስዎስ የሙሽራ ፊት ሲያነጡ ከሥሩ ይጽፋሉ?

ፎቶ አንሺው፦ ምን ያደርግለታል? ልጄ፣ ያ ማኪያቶ ጠጪ እኮ እኔ ነኝ! ጥላ አይቼ ሰዓት የምለይ ሰው ነኝ። ለጂኦሎጂስት የተሠራውን ለጂኦሎጂስት ስጡት። እኛ «አይገባቸውም» ተብለን ነው የተሰቀለልን።

መምህርቷ፦ አይገባቸውም አላልኩም። ሙሽራዋን ግን ዘለሏት። ሂዩጀንስ የተባለው መንኮራኩር በ2005 የሳተርን ጨረቃ ታይታን ላይ ሲያርፍ ካሜራው ጥቁርና ነጭ ነበር። ያ ብርቱካናማ መልክ የመጣው ሌላ መሣሪያ ከለካው ብርሃን ነው። እሱም ይውረድ?

ፎቶ አንሺው፦ ይውረድ ማን አለ? እንግዲህ «ልጄ» ማለቱን ልተወው፤ መምህርት፣ እርስዎ «ምን ያደርግለታል» ብለዋል። አንዲት መስመር! «ብርሃኑ የተስተካከለ ነው» ብሎ መጻፍ ስንት ቀለም ይጨርሳል?

መምህርቷ፦ ናሳማ ይጽፋል፣ ጋሼ። ፎቶውን ሲለቅ አብሮ አለ። የቆረጠው ያተመው ሰው ነው። እኔ ላይ ለምን ይጮሃሉ?

ፎቶ አንሺው፦ መቆረጡን አይተው ዝም ስላሉ! የሚያውቅ ሰው ዝም ካለማ የማያውቀው ምን ይፈረድበታል? ነገ እስክሪብቶ ይዤ ሄጄ እጽፍበታለሁ።

መምህርቷ፦ ይጻፉ። ግን «ውሸት» የምትል ቃል ካየሁ፣ እኔም ከሥሯ እጽፋለሁ። ስለ ሙሽራዋ ጭምር።