እልል ለጭስ ማውጫ ጠበብት

ደብረ ብርሃን ሰሞኑን ውርጩ አጥንት ድረስ ዘልቋል። የምድጃ ጠበብቶቻችንም ወቅታቸው መጣ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ቤት ቡና ተጠርቼ እንባዬን እየጠረግኩ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ያገኙኝ እናት ከለቅሶ የመጣሁ መስሏቸው "እግዜር ያጥናህ" አሉኝ።

ታውቋቸዋላችሁ መቼም። ምድጃውን በውድ ያሠራሉ። የጭስ ማውጫ ቱቦው ጋ ሲደርሱ ቁጠባ ትዝ ይላቸዋል።

ከሁሉም የማደንቀው ግን አንድ ጠቢብ አለ፤ በየሰፈሩ ስላለ ስም አልጠራም። ቱቦው ከምድጃው ሲነሳ ጤነኛ ነው። ከዚያ የዘይት ቆርቆሮ ይቀጠልበታል፣ ከዚያ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ ክርን)፣ ከዚያ ሌላ ጎሚቶ፤ ቁም ሳጥኑን ይዞራል፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ያልፋል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። አዎ፣ ቁልቁል! ጭስ ሽቅብ ይወጣል የሚለውን ኋላ ቀር ልማድ ሰውየው አልተቀበለውም። መገጣጠሚያው ላይ ብሎን የለም፣ ፕላስተር ግን አለ። ሲሞቅ ይላቀቃል፤ ሌላ ይደረብበታል። የላይኛው ቱቦ ወደ ታችኛው ውስጥ መግባት ሲገባው ከውጭ ስላለበሰው፣ ከጭሱ የሚወጣው ጥቁር ቅጥራን እየተንጠባጠበ ግድግዳውን በነፃ ይቀባለታል። የሚያነደው ደግሞ ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅጥራን እንዳያጥረው። ታዲያ ይህ ሁሉ ተጉዞ መጨረሻው የት መሰላችሁ? ውጭ? ኮርኒስ ውስጥ! ያውም የማዳበሪያ ጆንያ ኮርኒስ። "ጣራ ከተበሳ ክረምት ያፈሳል" ይላል። ልክ ነው። ቤቱ ከተቃጠለ የሚያፈስ ጣራም አይኖርም።

አንድ በያጅ ሰውየውን ሊመክረው ሞክሮ ነበር። በየመገጣጠሚያው ሦስት ብሎን፣ አግድም ሲሄድ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ከእንጨትና ከጨርቅ ግማሽ ሜትር ይራቅ፣ ኮርኒሱን ሲያልፍ ድርብ ቱቦ ይሁን፣ ከጣራው በላይ ደግሞ ወደ 1 ሜትር ይውጣ አለው። "አንተ ቱቦ ልትሸጥብኝ ነው!" ተባለ።

ደግሞ እኮ አያስቅም። በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ጠዋት ጎረቤት በር ሰብሮ የሚያወጣቸው በዚህ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዓይን አያቃጥል፣ አያስነሳችሁም፣ ዝም ብሎ ይገድላል። እኛ ለቅሶው ላይ ተቀምጠን "ቀናቸው ደርሶ ነው" እንላለን። ምን ቀን ነው የደረሰው? ቱቦው ነው ውጭ ያልደረሰው!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ነፋስ ይገባል ብለው የቱቦውን ጫፍ በአሮጌ የመንዝ ባና የወተፉት እትዬም አይረሱብኝ፤ እውነትም ነፋስ አልገባም፣ የሚወጣም የለም። አከራዮቻችንም እልል ይባልላቸው። "የውጭ ግድግዳዬን ታጠቁሩብኛላችሁ" ብለው ቱቦ ማውጣት ይከለክላሉ። ከውስጥ ሲጠቁርስ? ተከራዩ ሲለቅ የቀለም ይቀበሉታል።