ያቺ ትንሽ ቀዳዳ የእናቴ ሬዲዮ ነበረች

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ለእናታችን አዲስ ስልክ ላከላት። ደሴ ድረስ ይዤላት የሄድኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ሰፊ፣ ካሜራው ጥሩ ነው፤ የልጅ ልጆቿን በቪዲዮ ስታይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ማታ ግን እንደ ልማዷ ኢርፎኗን ከትራሷ ሥር አወጣችና አዲሱን ስልክ ከላይ ከታች አገላበጠችው። የምትሰካበት አጣች። «ልጄ፣ የሬዲዮኑ ቀዳዳ የት ሄደ?» አለችኝ።

በስልክ ኤፍኤም የሚያዳምጥ ሁሉ እንደሚያውቀው ኢርፎን ካልተሰካ ሬዲዮኑ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ገደማ ስለሆነ በስልክ ውስጥ የሚደበቅ ትንሽ አንቴና በደንብ አይዘውም። አንቴና የሚሆነው የኢርፎኑ ገመድ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዋ ስትነሳ እናቴ ያጣችው የሙዚቃ ማዳመጫ ብቻ አይደለም፤ ዜናዋን፣ የምሽት ወጓን፣ ቅዳሜና እሁዷን ጭምር ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ደንግጦ ብሉቱዝ ኢርፎን ልላክላት አለ። ብሉቱዝ ደግሞ ድምፅ ያመጣል እንጂ የኤፍኤም ሞገድ አይዝም።

ቀዳዳዋን ከስልክ ላይ ለማንሳት አፕል የመጀመሪያው አልነበረም። የቻይናው ኦፖ ቀድሞታል፣ ሞቶሮላም በወራት ቀድሞታል። ሌሎቹን ሁሉ ያስከተለው ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2016 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይፋ የሆነው አይፎን 7 ነው። የኩባንያው የግብይት ኃላፊ ፊል ሺለር መድረክ ላይ ቆሞ ምክንያቱን ሲያስረዳ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል እንደሚጠቃለል ተናገረ፤ «ድፍረት» ነው አለ። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ቀን፣ 159 ዶላር የሚሸጠው ገመድ አልባው ኤርፖድስም ቀረበ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ነጣጥዬ ማየት አልችልም። በነጻ የሚሠራውን መንገድ የዘጋው እጅና ዋጋ የተለጠፈበትን መንገድ የከፈተው እጅ አንድ ነበር።

ሌሎቹም ብዙ አልቆዩም። ጎግል በ2016 የመጀመሪያውን ፒክስል ሲያስተዋውቅ ቀዳዳዋ መኖሯን እንደ መሸጫ ነጥብ ተጠቅሞበት ነበር፤ በዓመቱ በፒክስል 2 ላይ አነሳት። ሳምሰንግ በአፕል ላይ የሚያሾፍ ማስታወቂያ ሠርቶ በ2019 ከኖት 10 ላይ አጠፋት። በጣም ያሳዘነኝ ግን ፌርፎን ነው። ይህ የኔዘርላንድ ድርጅት ዕድሜው ረጅም የሆነና ተጠቃሚው ራሱ ፈትቶ የሚጠግነው ስልክ እሠራለሁ ብሎ የተነሳ ነው። በ2021 ፌርፎን 4ን ሲያወጣ እሱም ቀዳዳዋን ደፍኖ ገመድ አልባ ኢርፎን ይዞ መጣ።

የሚሰጡት ምክንያቶች ባዶ ናቸው አልልም። በስልክ ውስጥ ቦታ ጠባብ ነው፤ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ለባትሪና ለካሜራ ትፈለጋለች። ቀዳዳዋ ከሌለች ስልኩ ውኃ አያስገባም የሚለው ክርክር ግን አያስኬድም። በዚያው በ2016፣ ከአይፎን 7 ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ7 ቀዳዳዋም ነበረችው፣ የውኃ መከላከያ ደረጃውም ከአይፎን 7 የበለጠ ነበር። ሶኒም በ2018 ከኤክስፔሪያ ስልኮቹ ላይ ካነሳት በኋላ በ2020 መልሷታል። ስለዚህ ጉዳዩ የማይቻል ነገር አልነበረም፤ የምርጫ ጉዳይ ነበር።

ብሉቱዝ መጥፎ ነው ማለቴም አይደለም። እኔም ስሮጥ እጠቀምበታለሁ። ብሉቱዝና ቀዳዳዋ ግን ለዓመታት በአንድ ስልክ ላይ አብረው ኖረዋል፤ አንዱን ለማምጣት ሌላውን ማባረር አያስፈልግም ነበር።

ቀዳዳዋ ከየት እንደመጣች ማስታወስ ተገቢ ነው። በትልቁ የእሷ ዘመድ የሆነው መሰኪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኙበት ነበር። ትንሿ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ በትራንዚስተር ሬዲዮ ላይ ተለመደች፤ በ1979 በወጣው የሶኒ ዎክማን ደግሞ ዓለምን ሁሉ አዳረሰች። የዚያን ጊዜ ኢርፎን ዛሬም ቀዳዳዋ ባለው ስልክ ላይ ቢሰካ ይሠራል። በአንድ ኩባንያ ሥር ስላልሆነች መርካቶ ያለ ነጋዴም ሆነ ታክሲ ተራ ላይ የሚዞር ሱቅ በደረቴ ኢርፎኑን ሲሸጥ «ለየትኛው ስልክ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። አይፎን 7 በምትኩ የሰጠው መሰኪያ ግን የአፕል ነው፤ ዕቃ ለመሥራት የሚፈልግ ሌላ አምራች የአፕልን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። የድሮውን ኢርፎን ከአዲሱ መሰኪያ ጋር የምታገናኘው አስማሚ ገመድ መጀመሪያ ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ትመጣ ነበር፤ በ2018 ቀረች፣ 9 ዶላር ተከፍሎ የምትገዛ ሆነች። በ2020 ደግሞ ኢርፎኑም ከካርቶኑ ወጣ።

ገመድ አልባዎቹ ባትሪ አላቸው፤ ባትሪ ደግሞ ያረጃል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማዳመጫ ሰዓታቸው እያጠረ ይሄድና ይጣላሉ፤ ብዙዎቹ ተጣብቀው የተዘጉ ስለሆኑ ባትሪያቸው አይቀየርም። ዕቃዎችን እየፈታ የሚመረምረው አይፊክሲት የመጀመሪያውን ኤርፖድስ ለጥገና ባለው አመቺነት ከ10 ዜሮ ሰጥቶታል። የገመድ ኢርፎን ሲበላሽ ግን ሰፈር ያለ ጥገና ቤት በጥቂት ደቂቃ ይበየዳል። ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ላይ በየሦስት ዓመቱ ማዳመጫ ግዙ መባል ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። ዓይነ ስውራን ወገኖቻችንም አሉ፤ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብላቸው ስልክ በብሉቱዝ ሲሆን ድምፁ ይዘገያል፣ እያንዳንዱ ንክኪ ምላሹ እስኪሰማ ያስጠብቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክፉ ቀን ነው። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከደሴቲቱ የሞባይል ማሰራጫዎች ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ ከሥራ ውጪ ሆኑ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሊቀመንበር አጂት ፓይ በዚያው ወር አፕል በአይፎኖች ውስጥ ያለውን የኤፍኤም ቺፕ እንዲያነቃ በይፋ ጠየቁ። አፕል የመለሰው አይፎን 7 እና 8 የኤፍኤም ቺፕም ሆነ ለኤፍኤም የሚሆን አንቴና የላቸውም ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት ፖርቶ ሪኮ መሄድ አያስፈልገንም። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እናቴ ደሴ ሆና የምትሰማው በዚያች ኢርፎን ነበር። ሬዲዮ ዳታ አይበላም፣ ካርድ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይጠይቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ከውጭ ስልክ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናት ለአባት የሚሆነውን ስትመርጡ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ቀዳዳዋንና የኤፍኤም ሬዲዮውንም እዩ። እዚሁ አገር ውስጥ ቴክኖን የመሰሉ ስልኮች ይገጣጠማሉ፤ ቀዳዳዋ ገና ያልጠፋችው በእነዚህ ርካሽ ስልኮች ላይ ስለሆነ አምራቾቹ የትልልቆቹን መንገድ እንዳይከተሉ ገዢው ጠይቆ ይግዛ። የሕንድ መንግሥት በ2023 የስልክ አምራቾች የኤፍኤም ሬዲዮን ከስልኮቻቸው እንዳያጠፉ በይፋ አሳስቧል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ወደ አገር የሚገቡ ስልኮችን መርምሮ የሚያጸድቅ አካል ስለሆነ ቢያንስ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ሬዲዮ ይይዝ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ ሊያስገድድ ይችላል።

እናቴ አሁን ሁለት ስልክ ይዛለች። አዲሱ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወንድሜ ሲደውል ትሮጥበታለች። መስታወቱ የተሰነጠቀው አሮጌው ትራሷ ሥር ነው። ባለፈው ስሄድ ቀዳዳው ላልቶ ድምፁ ይቆራረጥባት ነበር፤ ፒያሳ ያለው ጥገና ቤት ወስጄው ልጁ ከፍቶ አዲስ መሰኪያ በየደለት። ማታ ኢርፎኑን ሰክታ ጣቢያዋን እስክታገኝ አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅኳት።