የድሮ ማተሚያ ስህተት በኮምፒውተር ይሠራ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ጉዳይ፦ የ1960ዎቹ የሸክላ ዘፈኖች ለሚቀርቡበት የሙዚቃ ምሽት ፖስተር ይዘጋጃል። በኤ3 ወረቀት ታትሞ ይለጠፋል፣ በቴሌግራምም ይላካል። ዲዛይኑ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ሲሠራ የዚያን ዘመን ኅትመት ጉድለቶች፣ ማለትም የቀለም መስፋት፣ የሁለት ቀለም አለመግጠምና የነጠብጣብ ጥላ፣ ሆን ብሎ መጨመር ተገቢ ነው?

ደጋፊ

የድሮ ኅትመት ለዓይን ደስ የሚለው ስላረጀ አይደለም። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ በሚያደርገው ነገር ነው። ይሰፋል፣ የፊደሉን ሹል ማዕዘን ያለዝባል። ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ፈቀቅ ብሎ ያርፋል፤ በተደራረቡበት ቦታ ማንም ያልበጠበጠው ሦስተኛ ቀለም ይወጣል። ስክሪን ላይ ግን የሚፈስ ቀለም የለም፣ የሚጠጣ ወረቀትም የለም። ስለዚህ የጠፋውን ባሕርይ መመለስ ማታለል ነው አልልም።

አሠራሩ ይኸውና። ፋይሉን በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ፒክስል) ክፈቱ። ቀለማችሁ ሁለት ብቻ ይሁን፣ ጥቁርና ቀይ እንበል፤ እያንዳንዱ በራሱ ሌየር (ተደራራቢ ንብርብር)፣ የላይኛው በመልቲፕላይ፣ ማለትም የታችኛው ቀለም በእሱ በኩል እንዲታይ። ርዕሱን ነጭ መደብ ላይ በጥቁር አስቀምጡና 3 ፒክስል ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) ስጡት፣ ቀጥሎ ትሬሾልድ፣ ማለትም ከተወሰነ ልክ የጠቆረውን ሁሉ ጥቁር፣ የነጣውን ሁሉ ነጭ የሚያደርገውን። ትሬሾልዱ 128 ላይ ሲሆን ማዕዘኖቹ ብቻ ይለዝባሉ፤ ወደ 150 ስትወስዱት ፊደሉ ራሱ ይወፍራል፣ ልክ ቀለም የሚጠጣ ወረቀት ላይ እንዳረፈ። ከብለሩ በፊት ጥቂት ኖይዝ (የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦች) ብትጨምሩ ጠርዙ ሻከር ይላል።

ከዚያ ቀዩን ሌየር 0.4 ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ግፉት፤ በ600 ዲፒአይ 9 ፒክስል ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱን ቀይ ቅርጽ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ያንሸራትታል። ቀዩ ሁሉ ከአንድ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) የሚወጣ ስለሆነ አንድ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ተቃዋሚ

ወንድሜ ስለ ቀለም ባሕርይ ያሉትን እቀበላለሁ፤ አሠራሩም ትክክል ነው። ግን ማተሚያ ቤቶች ያንን አለመግጠም ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሉት ኖረዋል። ፈዘዝ ያለውን ቀለም ከደማቁ ሥር ጥቂት አስፍተው የሚያትሙት በመካከል ነጭ ክፍተት እንዳይታይ ነው። አንድ ባለሙያ ያፍርበት የነበረውን ነገር የሥራው መታወቂያ አድርጎ መለጠፍ ለዚያ ሰው ክብር አይመስለኝም።

ይህም ቢቀር፣ በተግባር የምናየው እርስዎ የገለጹት ጥንቃቄ አይደለም። ዝግጁ ቴክስቸር (የአሮጌ ወረቀት መልክ ያለው ምስል) ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ከላይ ይደረባል። የታጠፈ ወረቀት፣ ጭረት፣ የቡና ክብ፣ ቢጫ መደብ። ወረቀቱ እኮ ሲታተም ቢጫ አልነበረም! ርካሽ ወረቀት ውስጥ የሚቀረው ሊግኒን የተባለው የእንጨት ክፍል ነው ብርሃንና አየር ሲያገኘው የሚያቢጨው። በ1960ዎቹ ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ያየው ነጣ ያለ ወረቀት ነው። ቢጫውን ስታደርጉ የምትመልሱት ዘመኑን ሳይሆን መጋዘኑን ነው።

ሌላም አለ። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ሲታተም ቀለሙ በጫና ወደ ጠርዝ ስለሚገፋ የፊደሉ ዳር ከመሐሉ ይጠቁራል። ከጠፍጣፋ ፕሌት በጎማ በኩል የሚያትመው ኦፍሴት ይህ የለውም። ዝግጁ ቴክስቸሮች ሁለቱን አንድ ፊደል ላይ ያዳምራሉ፤ ከየትኛውም ማሽን ወጥቶ የማያውቅ ነገር ይሆናል። «የተቦረቦሩ» ፎንቶችማ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። «አዲስ አበባ» ብላችሁ ጻፉና ሁለቱን «አ» አስተያዩ። ሁለቱም እግራቸው ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ተሸርፈዋል።

ደጋፊ

ቢጫውን መደብ፣ ጭረቱንና የቡናውን ክብ አልከላከልላቸውም፤ ይውጡ። የምከራከረው ለቀለሙ ነው፤ ለፎቶ ጥላም ነጠብጣቡ ያስፈልጋል። ነጠብጣብ በዚያ ዘመን ማስዋቢያ አልነበረም። ማሽኑ ግራጫ ማተም ስለማይችል ጥቁሩን ትልቅና ትንሽ ነጥብ አድርጎ ይከፋፍለዋል።

የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነጥቦቹ ጠርዛቸው ላይ ግራጫ ፒክስል ይዘው ለማተሚያ ቤት ይላካሉ። የማተሚያ ቤቱ ማሽን ያንን ግራጫ እንደገና በራሱ ጥቃቅን ነጥብ ይከፋፍለዋል፤ ሁለቱ መረቦች ሲጋጩ እንደ ሐር ጨርቅ የሚሞገድ መስመር ይወጣል። መድኃኒቱ ፎቶውን ወደ ቢትማፕ፣ ማለትም ግራጫ ወደሌለው ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ መለወጥ ነው፦ 1200 ዲፒአይ፣ ክብ ነጥብ፣ በኢንች 40 የነጥብ መስመር፣ 45 ዲግሪ። ቀዩም ነጠብጣብ ካለው 75 ዲግሪ ስጡት፤ ልዩነቱ ከ30 ካነሰ ያው ሞገድ ይመለሳል።

ሁለተኛው ቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ኤ3 በ300 ዲፒአይ እንኳ ቢላክ ረጅሙ ጎኑ 4961 ነው፤ በ7.5 ፒክስል የተራራቁት ነጥቦች ወደ 2 ፒክስል ይጠጋሉና ይጨማለቃሉ። ስለዚህ የታተመውን አሳንሶ መላክ አይሠራም። ለስልክ በ1280 መጠን ከመጀመሪያው፣ ነጥቦቹን ከ6 እስከ 8 ፒክስል አራርቆ ሌላ ፋይል መሥራት ነው።

ተቃዋሚ

እሺ፣ ወደ ፊደሉ እንመለስ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ይህ የብለርና ትሬሾልድ ዘዴ በላቲን ፊደል ብዙ አይጎዳም፤ «ኦ» የሚሉት ክባቸው ቢጠብ ያው ያነቡታል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን የሚሸከመው በጥቃቅን ምልክት ነው። ፖስተሩ ላይ «ብሔራዊ ቴአትር» ተጽፏል እንበል። «ሔ»ን ከ«ሒ»፣ «ቴ»ን ከ«ቲ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለው ቀለበት ነው። በ10 ፖይንት የቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ፒክስል ብቻ ነው፤ ትሬሾልዱን 150 ስታደርጉት ይደፈናል፣ «ብሒራዊ ቲአትር» ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ጽሑፉን በመቦርቦር ካሳሳችሁት የ«ሽ» አናት ይጠፋና «የሙዚቃ ምስት» ይወጣል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ የፊደል ግድፈት ነው።

የእጅ መልክ ከፈለጋችሁ በእጅ ሥሩት። ርዕሱን ከሚፈለገው መጠን ሩብ አድርጋችሁ አትሙ። ፎቶ ኮፒ ቤት ውሰዱና በ200 በመቶ አስፉት፤ የወጣውን ደግሞ በ200 በመቶ። ወደ ሙሉ መጠኑ ተመለሰ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በራሱ መንገድ ሻክሮ ይመጣል፣ ሁለቱ «አ» አይመሳሰሉም። ቀዩን በሌላ ወረቀት እንዲሁ አድርጉ፣ በአራቱም ማዕዘን የመስቀል ምልክት ይኑረው። በ600 ዲፒአይ፣ በግራጫ ስካን አድርጉ፤ በጥቁርና ነጭ ካደረጋችሁት ጠርዙን የሚወስንላችሁ ስካነሩ ይሆናል። ሁለቱን በምልክቱ ስታጋጥሙ የሚቀረው መዛነፍ የራሱ ነው፣ መፈብረክ አያሻም።

ደጋፊ

የቀለበቱ ነገር ልክ ነው፤ ከ36 ፖይንት በታች የሆነ ጽሑፍ ላይ ይህን ዘዴ ማንም እንዳይሞክር እኔም እላለሁ። ቀን፣ ሰዓትና ስልክ ቁጥር አይነኩ፤ 3 ቁጥር ሲደፈን 8 ነው የሚመስለው። በርዕሱም ቢሆን ፊደሉን ሁሉ በአንድ ልክ ማወፈር የለብንም፤ የተደፈነውን ቀለበት በነጭ ብሩሽ መክፈት ይቻላል።

ፎቶ ኮፒውን ግን አልቀበልም። የፎቶ ኮፒ ቀለም ዱቄት ነው፤ በሙቀት ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይሰርግም። የሚሰጠን ብናኝና የተቆራረጠ ጠርዝ ነው። እውነተኛ ምልክት ነው፣ የሌላ ማሽን ምልክት ግን ነው። እርስዎ ቴክስቸሩን የከሰሱበት ክስ እዚህም ይሠራል።

ተቃዋሚ

እውነትዎን ነው፤ ለሸክላው ዘመን ፎቶ ኮፒ አይሆንም። እንግዲያው ርዕሱን ሊኖሊየም (ለስላሳ የወለል ምንጣፍ ዓይነት) ላይ እንቅረጸው። ጽሑፉ ተገልብጦ መሳል አለበት፤ ካልተገለበጠ ሲታተም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ቀለበቶቹን ከፊደሉ ዙሪያ በፊት፣ በቀጭኑ መቅረጫ ክፈቱ፤ ዙሪያው ካለቀ በኋላ ሊኖሊየሙ እዚያ ላይ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ቀለሙን በሮለር ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሮለሩ ሲንከባለል የሚሰማው ድምፅ እንደ ሙጫ የሚንጨጨጭ ከሆነ ቀለሙ በዝቷል፣ «ሔ»ም መልሶ ይደፈናል። ስድስት ቅጂ አትሙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወይ ይሳሳሉ ወይ ይጨቀያሉ፤ ከቀሩት ውስጥ ቀለበቱ ጥርት ብሎ የወጣበትን ስካን አድርጉ።